በሰው አገር በሰላምና በሕግ ስለ መዘዋወር
(ከሶዶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ባለው መንገድ ላይ የተደረገ አጭር ጥናት)

ባለፈው መስከረም ለጊፋታ በዓል ወደ ቤተሰቦቼ ቀበሌ ሄጄ ነበር። ጊፋታ እንደሚታወቀው የወላይታ ሕዝብ የዘመን መለወጫ ነው፤ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ዕዳ ያለበት ዕዳውን የሚከፍልበት፣ በሩቅ የሚኖረውም ወደ ቤቱ የሚመለስበት በዓል ነው። በልጅነቴ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሲጫወቱ የምሰማው ስለ ዝናብና ስለ ከብት ነበር። ዘንድሮ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ሞያሌ፣ ስለ ናይሮቢና ስለ ጆሃንስበርግ ሆኖ አገኘሁት።

በዚሁ መካከል አንዲት ጎረቤታችን፣ እኔን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉኝ እናት፣ ስልካቸውን ይዘው ወደ እኔ ቀረቡና፣ «ልጄ፣ አንተ ዩኒቨርሲቲ የገባህ ነህ። ወንድምህ ከታንዛኒያ ወረቀት ልኮልኛልና አንብብልኝ» አሉኝ። ወንድምህ ያሉት የእርሳቸውን የበኩር ልጅ ነው። ወረቀቱ በፎቶግራፍ የተላከ የፍርድ ቤት ክስ ነበረ። ቃላቱን አነበብሁላቸው፤ ያለ ፈቃድ አገር ገብቶ ተገኝቷል የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ግን እርሳቸው፣ «ታዲያ መቼ ይወጣል? ማንን እንለምን? የመንግሥታችን ሰው አይጠይቀውም ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሥነ ጽሑፍና ታሪክ ስማር የኖርሁ ሰው ለአንዲት እናት ሦስት ጥያቄ መመለስ አቃተኝ። ይህ ጽሑፍ የተጀመረው ከዚያ እፍረት ነው።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ጥናት የማቀርበው ማንም ሰው ከአገሩ እንዳይወጣ ለመስበክ አይደለም። ብዙዎቻችን ለትምህርት፣ ለንግድ ወይም ለሥራ አንድ ቀን ድንበር እንሻገር ይሆናል። ጥያቄው «እንሂድ ወይስ አንሂድ» የሚል ሳይሆን «የሚሄድ ሰው ምን ዐውቆ ይሂድ» የሚል ነው። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

1ኛ/ ጉዞ ለወላይታ አዲስ ነገር አይደለም

የወላይታ ምድር ሕዝቡ እጅግ የበዛበት፣ የእርሻው መሬት ግን ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል እየጠበበ የሄደ አገር ነው። ስለዚህ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ከቀዬው መውጣት የጀመረው ዛሬ አይደለም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከወላይታ፣ ከከምባታና ከሐዲያ የሚሄዱ ሠራተኞች ሸንኮራ አገዳ በመቁረጥ ይታወቁ ነበር። በኋላም ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ ሸለቆ እርሻዎች ብዙ ሰው ሄዷል። ያ ጉዞ ግን ምንም ቢከፋ በአገር ውስጥ ነበር፤ መንገደኛው ቢታመምም ቢከሰስም በአገሩ ሕግ ይዳኝ ነበር እንጂ እንግዳ አልነበረም።

በደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ አገዛዝ በ1986 ዓ.ም. ካበቃ በኋላ ግን ከሐዲያ፣ ከከምባታና ከወላይታ ወደዚያ የሚወስድ ረጅም መንገድ ተከፈተ። መንገዱ በሞያሌ ወጥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ ከዚያም በማላዊና በሞዛምቢክ ወይም በዛምቢያና በዚምባብዌ በኩል ያልፋል። አንድ ሰው ከሶዶ ተነሥቶ ደቡብ አፍሪካ እስኪገባ ድረስ ቢያንስ አምስት ድንበር ይሻገራል ማለት ነው። አምስት ድንበር ማለት አምስት መንግሥት፣ አምስት ሕግ፣ አምስት ገንዘብ ነው። የአንዱ አገር ፈቃድ በሌላው አይሠራም።

2ኛ/ ሳያውቁ የመሄድ ዋጋ

በሰኔ ወር 2004 ዓ.ም. በታንዛኒያ በዶዶማ ክፍለ ሀገር በአንድ የጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው የሞቱ ከ40 የሚበልጡ ስደተኞች አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። በዚያው ወር በማላዊ ሐይቅ ላይ ጀልባ ተገልብጦ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን ሰጠሙ። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ከማላዊ ወደ ሞዛምቢክ በገባ የጭነት ሣጥን ውስጥ በቴቴ አውራጃ 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ሲገኙ በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. በሰሜን ማላዊ በምዚምባ በአንድ ጉድጓድ የተቀበሩ 25 አስከሬኖች ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደ ሆኑ ታመነ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳርቻ 27 ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በመንገድ ዳር ወድቀው ተገኙ።

እነዚህ ሁሉ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ሰዎቹን የገደላቸው በረሃ ወይም አውሬ አይደለም፤ መደበቅ ነው። ወረቀት የሌለው ሰው በአውቶቡስ መስኮት አጠገብ ሊቀመጥ አይችልምና በሣጥን ውስጥ ይዘጋል፤ ሲታፈን ግድግዳውን ቢደበድብም ነጂው እንዳይያዝ ስለሚፈራ አይከፍትለትም። ሕጋዊነት የወረቀት ጉዳይ ብቻ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል፤ በዚያ መንገድ ላይ ሕጋዊነት ማለት አየር መተንፈስ ማለት ሆኗል።

3ኛ/ ከመነሣት በፊት የሚዘጋጁ ማስረጃዎች

ሀ. ፓስፖርት። ፓስፖርት የመንገደኛው ዜግነትና ማንነት መመስከሪያ ነው። ታላቁ ኔልሰን ማንዴላ እንኳ በ1954 ዓ.ም. ለትግላቸው በአፍሪካ ሲዘዋወሩ ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው ነበር። ወደ አገራቸው ተመልሰው ሲያዙም በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተፈረደባቸው አምስት ዓመት ውስጥ ሁለቱ ያለ ፓስፖርት ከአገር በመውጣታቸው ነበር። የማንዴላ ጉዳይ የነጻነት ጉዳይ ነው፤ ከእኛ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን መንግሥታት ይህን ነገር ምን ያህል አክብደው እንደሚያዩት ያሳያል።

ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ከጉዞው በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል እንዲሆን ይጠይቃሉ። መንገደኛው የፓስፖርቱን ፎቶግራፍ አንሥቶ አንዱን በስልኩ፣ አንዱን በቤተሰቡ እጅ ማስቀመጥ ይኖርበታል። ዋናውን ፓስፖርት ለደላላ፣ ለነጂ ወይም ለቤት አከራይ መስጠት ከቶ አይገባም፤ ፓስፖርቱን የያዘ ሰው መንገደኛውንም ይይዘዋልና።

ለ. ስም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባታችንን ስም አስከትለን እንጠራለን። የባዕድ አገር ሹም ግን የመጨረሻውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስደዋል። ስለዚህ አንድ ሰው በአንዱ ወረቀት ላይ ስሙንና የአባቱን ስም፣ በሌላው እስከ አያት ቢጽፍ ሁለት ሰው መስሎ ይታያል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ የወላይታ ስሞች ድምፅ ስለሚጠብቅና ስለሚረዝም አንዱ ጸሐፊ አንድ ፊደል፣ ሌላው ሁለት ፊደል ያደርገዋል። በፓስፖርቱ ላይ ያለው አጻጻፍ ምንም ስሕተት ቢመስል በቲኬት፣ በቪዛና በሆስፒታል ወረቀት ላይ ሁሉ እንዲያው መጻፍ አለበት። ማረም የሚፈልግ ሰው ከመነሣቱ በፊት በአገሩ ያርም።

ሐ. ቀን። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓውያን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል። በመስከረም 1997 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በእነርሱ አቆጣጠር በ2004፣ በዚያው ዓመት በሚያዝያ የተወለደ ግን በ2005 ይሆናል። ሁልጊዜ ሰባት ብቻ የሚደምር ሰው የልደት ዘመኑን ያሳስታል። ከዚህ የሚከፋው የመቆያ ፈቃድ የሚያበቃበትን ቀን በእኛ ወር ቈጥሮ ማሳለፍ ነው። አንድ ቀን ያሳለፈ ሰው በሕግ ፊት ሕግ የተላለፈ ሰው ነው።

መ. ቪዛ። ቪዛ የመግቢያ ፈቃድ ነው እንጂ የሥራ ፈቃድ አይደለም። ደግሞም በቪዛው ላይ የተጻፈው ቀን ብዙ ጊዜ እስከዚያ ድረስ መግባት እንደሚቻል ሲገልጽ፣ ከገቡ በኋላ የሚቈዩበትን ጊዜ የሚወስነው በድንበር ላይ ያለው ሹም የሚመታው ማኅተም ነው። ስለዚህ ማኅተሙን በቆሙበት ማንበብ ያስፈልጋል። ኬንያ ከአገራችን ጋር ባላት የቆየ ስምምነት ምክንያት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ጎብኚ ቪዛ አትጠይቅም፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የመግቢያ ደንቧን ደጋግማ ስላሻሻለች ከመነሣት በፊት ኤምባሲዋን መጠየቅ ይሻላል። ታንዛኒያና ደቡብ አፍሪካ ግን ቪዛ ይጠይቃሉ። ናይሮቢ በነጻ መግባት ተችሏልና ሌላውም እንዲሁ ነው ብሎ የተጓዘ ብዙ ነው።

ሠ. የክትባት ካርድ። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ሊገኝባቸው ይችላል ከሚባሉት አገሮች አንዷ ናት። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ እንኳ በዚሁ በወላይታ ዞን በኦፋ ወረዳ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ስለዚህ ደቡብ አፍሪካን የመሰሉ አገሮች ከእኛ የሚሄደውን መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠይቁታል። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ግን አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያገለግለዋል። በመነሻው ዋዜማ የሚከተብ ሰው ገንዘቡን ከፍሎም ሊመለስ ይችላል።

4ኛ/ በድንበር ላይ

ሞያሌ አንድ ከተማ ሆና በሁለት አገር የተከፈለች ናት፤ ከአዲስ አበባ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ 2013 ዓ.ም. ገደማ የሁለቱ አገሮች መሪዎች በዚያ የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ መርቀዋል። የዚህ ጣቢያ አሠራር መንገደኛው መውጫውንም መግቢያውንም በአንድ ቦታ እንዲፈጽም ነው። ነገር ግን ከተማዋ አንድ ስለ ሆነች ሰው ገበያ እንደሚሄድ በእግሩ ተሻግሮ ራሱን በባዕድ አገር ሊያገኘው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። ፓስፖርት በኪሱ ያለ ሰው ሁሉ በሕግ ገባ አይባልም። ሕጋዊ የሚያደርገው የመግቢያው ማኅተም ነው። ማኅተም ሳያስመታ ያለፈ ሰው ፓስፖርት ቢኖረውም እንደ ሌለው ይቈጠራል። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የዜግነትና የኢሚግሬሽን ሕግ ያለ ፈቃድ በአገሩ የተገኘን ሰው እስከ 500,000 የኬንያ ሽልንግ መቀጮ ወይም እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም ሁለቱንም ይቀጣል። ከሦስት ወር በላይ የሚቀመጥ የውጭ አገር ሰው ደግሞ መመዝገብ ግዴታው ነው። ለዘበኛ የሚሰጥ ገንዘብ ማኅተም አይሆንም፤ እንዲያውም ሁለተኛ ወንጀል ይሆናል።

5ኛ/ በመንገድ ላይ

ከድንበሩ ወዲያ ካለው አደጋ የመጀመሪያው በጣም ቀላል ነገር ነው። በአገራችን መኪና በቀኝ ይሄዳል። በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በዛምቢያ፣ በሞዛምቢክ፣ በዚምባብዌና በደቡብ አፍሪካ ግን በግራ ነው። እኛ ጎዳና ስንሻገር መጀመሪያ ወደ ግራ ማየት ለምደናል፤ በእነዚያ አገሮች ግን ቅርቡ መኪና የሚመጣው ከቀኝ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ወደ ግራ፣ እንደ ገና ወደ ቀኝ ማየት ያስፈልጋል። ከሚኒባስ ሲወርዱም እንዲሁ። ይህን ልማድ እዚሁ ሶዶ ሆኖ በሐሳብ መለማመድ ይቻላል።

ሁለተኛው የሰዓት ነገር ነው። ቲኬት ላይ «9» ተብሎ የተጻፈው የእኛ ሦስት ሰዓት ነው። የሚያስደንቀው ግን ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው መቍጠራቸው ነው፤ «ሳአ ታቱ» ማለት ሦስት ሰዓት፣ በአውሮፓውያን ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስለዚህ በኬንያና በታንዛኒያ በአፍ የተነገረው እንደ እኛ፣ በወረቀት የተጻፈው እንደ አውሮፓ ሊሆን ይችላልና ሁለቱን ማመሳከር ይገባል። ከታንዛኒያ ወደ ማላዊ፣ ወደ ዛምቢያ ወይም ወደ ሞዛምቢክ ሲሻገሩ ደግሞ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል።

ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ 500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው፤ በማርሳቢት በኩል ያልፋል። መንገደኛው በታወቀ የአውቶቡስ ድርጅት፣ ቲኬት ቈርጦ፣ በተቻለ መጠን በቀን ቢሄድ ይመረጣል። በየኬላው ፍተሻ ስላለ ማስረጃው በእጁ እንጂ በጣሪያ ላይ በተጫነ ሻንጣ ውስጥ መሆን የለበትም። በኬንያ ማታቱ፣ በታንዛኒያ ዳላዳላ የሚባሉት ሚኒባሶች እንደ እኛው ናቸው፤ ዋጋን አስቀድሞ መጠየቅ፣ የመቀመጫ ቀበቶ ካለ መታሰር፣ የማያውቁት ሰው የሰጠውን ምግብና መጠጥ አለመቀበል አይከፋም።

6ኛ/ በእኛ ዘንድ የተፈቀደ፣ በእነርሱ የተከለከለ

ሕግን አለማወቅ ከቅጣት አያድንም። አንዲት እናት ለልጇ በሶና ቅቤ በፌስታል ቋጥራ ስትሰጠው ፍቅሯን መስጠቷ ነው። ነገር ግን ኬንያ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017፣ ታንዛኒያ ከሰኔ 2019 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢትን በሕግ ከልክለዋል፤ ታንዛኒያ መንገደኛ ይዞ እንዳይገባ ጭምር አግዳለች። ስንቁ በጨርቅ ወይም በቆርቆሮ ቢያዝ ይሻላል። ጫት በኬንያ በገበያ የሚሸጥ ዕቃ ሲሆን በታንዛኒያ የተከለከለ ነው፤ አንድ እስር ይዞ የተሻገረ ሰው ዕፅ እንዳዘዋወረ ይከሰሳል። የድንበር ጣቢያን፣ ወታደርንና ድልድይን ፎቶግራፍ ማንሣት በብዙ አገር ያስጠረጥራል። የማያውቁትን ሰው ሻንጣ «እባክህ አድርስልኝ» ቢባሉ መሸከም ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ በእጅህ የተገኘ ዕቃ ያንተ ነውና።

ገንዘብንም በሚመለከት ከአገር ይዞ የሚወጣው ብርና የውጭ ገንዘብ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የተወሰነ ነው፤ መመሪያው ስለሚለወጥ በመነሻ ጊዜ ባንክ ጠይቆ መረዳት ይገባል።

7ኛ/ ፖሊስ ቢይዝ

ጥንቃቄ ያደረገ ሰውም ሊያዝ ይችላል። በዚህ ጊዜ መሮጥና መታገል ነገሩን ያከብደዋል። ሹሙን በትሕትና ማነጋገር፣ ማስረጃ ማሳየት፣ ያልገባውን ቋንቋ ግን «ገብቶኛል» ብሎ አለመፈረም ዋና ነገር ነው። ብዙዎች ያልፈጸሙትን የሚያምኑት በይሉኝታ ራሳቸውን ስለሚነቀንቁ ነው። አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ወላይትኛ ብቻ የሚያውቅም ሰው ይህንኑ መናገር አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1963 በቪየና የተፈረመው የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት በ36ኛው አንቀጽ፣ የውጭ አገር ሰው ሲያዝ ባለሥልጣኖቹ ቆንስላውን የማስጠራት መብት እንዳለው ሳይዘገዩ ሊነግሩት እንደሚገባ ይደነግጋል። ቆንስላው የታሰረውን ሊጐበኝና ጠበቃ እንዲያገኝ ሊረዳው ይችላል። ነገር ግን ቆንስላ ዳኛ አይደለም፤ እስረኛን አያስፈታም። ኢትዮጵያ በናይሮቢ፣ በዳሬ ሰላምና በፕሪቶሪያ ኤምባሲ አላት። አድራሻቸውን በስልክ ብቻ ሳይሆን በወረቀት መያዝ ይጠቅማል፤ ስልክ ይወሰዳል፣ ባትሪም ያልቃል። ለአስቸኳይ ችግር በኬንያ 999 ወይም 112፣ በታንዛኒያ 112፣ በደቡብ አፍሪካ ፖሊስ 10111 ይደወላል።

ስለ ጥገኝነትም ጥቂት ልበል። በአገሩ ሕይወቱ የተሳደደበት ሰው ጥገኝነት የመጠየቅ መብት አለው፤ እ.ኤ.አ. የ1951 የስደተኞች ስምምነት እንዲህ ያለው ሰው ሳይዘገይ ራሱን ለባለሥልጣን ካቀረበ በአገባቡ ምክንያት እንዳይቀጣ ያዛል። ነገር ግን ይህ መብት ለሥራ የሚሄድ ሰው የሚለብሰው ካባ አይደለም። የሐሰት ታሪክ የሚናገር ሰው ራሱንም ይጐዳል፤ በእውነት የተሳደደውንም ሰው እንዳይታመን ያደርገዋል። ደግሞም ወረቀት ብቻውን ጋሻ አይሆንም። በደቡብ አፍሪካ በ2000፣ በ2007 እና በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሣው ሁከት የኢትዮጵያውያን ሱቆች ተዘርፈዋል፤ ሕይወትም ጠፍቷል። ስለዚህ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር መተዋወቅ፣ ቋንቋውን መማር፣ ልማዱን ማክበር ከሕግ ቀጥሎ የሚመጣ ጥበቃ ነው።

8ኛ/ ደላላና ሕጋዊ የሥራ ጉዞ

ደላላው ብዙ ጊዜ ሌላ አገር ያለ ሰው አይደለም፤ የጎረቤት ልጅ፣ የዘመድ ዘመድ፣ በሠርግ አብሮን የጨፈረ ሰው ነው። «መንገዱ ጸድቷል» ይላል። ሳሩን እንጂ ገደሉን አያሳይም። ቤተሰብም መሬቱን በኮንትራት ሰጥቶ፣ በሬውን ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ወጣቱ ፈርቶ ልመለስ ቢል እንኳ ዕዳው ወደ ፊት ይገፋዋል።

የአገራችን ሕግ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን በከባድ ቅጣት ይቀጣል። ሁለቱ ይለያያሉ፦ የመጀመሪያው ሰውን አታልሎ ወይም አስገድዶ ጉልበቱን ለመበዝበዝ መውሰድ ሲሆን ሁለተኛው በጥቅም ድንበር ማሻገር ነው። በመንገድ ላይ ግን ሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ይለወጣል፤ ተሻጋሪው ታግቶ ቤተሰቡ እንደ ገና ክፈሉ ይባላል። ለሥራ ወደ ውጭ አገር ስለ መሄድ የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1246/2013 ደግሞ ሕጋዊውን በር ያመለክታሉ፤ ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ፣ የተጻፈ የሥራ ውል፣ በመንግሥት የተመዘገበ ሠራተኛ። በ923/2008 አዋጅ የቪዛና የጉዞ ቲኬት ወጪ የአሠሪው ነው። እንግዲህ የቲኬትና የቪዛ ገንዘብ ከሠራተኛው የሚጠይቅ፣ ውሉን የማያሳይ፣ የፈቃዱን ወረቀት ሲጠየቅ የሚቈጣ ሰው ቢመጣ ማንነቱ ከዚህ ይታወቃል።

ማጠቃለያ

በመጀመሪያ ወደ ጠቀስኋቸው እናት ልመለስ። ሦስቱን ጥያቄዎቻቸውን ይዤ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከተመለስሁ በኋላ መምህራንንና የሕግ ተማሪዎችን ጠየቅሁ። ከልጃቸው ጋር በስልክ ስንነጋገርም አንድ ነገር ተረዳን። በተያዘ ጊዜ ፓስፖርት ስላልነበረው ስሙን በአፉ ተናገረ፤ የጻፈው ሰው የአባቱን ስም አበላሽቶ ጻፈው፤ ልጁም ሳያነብ ፈረመ። ወደ አገሩ ለመመለስ የጉዞ ሰነድ ሊሰጠው ሲታሰብ በዚያ ስም የሚታወቅ ሰው በቀበሌያችን አልተገኘም። አንድ ፊደል ነው ያሰረው ብል ማጋነን አይሆንም። አሁን ቀበሌው ትክክለኛውን ስም የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፎ ተልኳል። ይህን እስከምጽፍ ድረስ መልሱ አልመጣም። እናቲቱ ግን፣ «እንግዲህ የምጠብቀውን ዐውቄ እጠብቃለሁ» ብለውኛል።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ለዕረፍት ወደየቀበሌያችን ስንመለስ «የተማረው ልጅ መጣ» ተብሎ ወረቀት የማይቀርብለት ማን ነው? አንድ ሙሉ ሰዓት ወስደን ለጎረቤቶቻችን ቀን መለወጥን፣ ስምን በትክክል መጻፍን፣ ማኅተምን ማንበብን፣ ሕጋዊ ኤጀንሲን ከደላላ መለየትን ብናሳይ ገንዘብ አይጠይቀንም። ማኅበራችንም ይህን የመሰለውን ትምህርት በወላይትኛ አባዝቶ ለሚሄዱት ተማሪዎች ሁሉ ቢያድል መልካም ነው እላለሁ። የሚቀር ሰው ዐውቆ ይቅር፤ የሚሄድም ዐውቆ፣ በፊት ለፊቱ በር፣ ቀና ብሎ ይሂድ። የሚመጣው ጊፋታም ሲደርስ ሁሉም በየቤቱ ይገኝ።